ሲሾም ያልመጠጠ

«ምን እያነበብሽ ነው?» አለችኝ እናቴ ባለፈው እሑድ በስልክ።

«ስለ ደም መጣጮች፣ እማዬ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የመሬት ከበርቴዎቹን?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። «ደም መጣጭ» የሚለው ቃል በሬዲዮ፣ በሰልፍ መፈክር፣ በቀበሌ ግድግዳ ላይ አብሯት ያደገ ቃል ነው። ጥርሱ የሾለ፣ ካባ የደረበ፣ መስተዋት ውስጥ የማይታይ ፍጡር አይመጣላትም። የሚመጣላት ጭሰኛው ያመረተውን በቁና እያስሰፈረ የሚያስገባ ሰውዬ ነው።

«አይ እማዬ፣ የእውነት ደም የሚጠጡትን ነው።»

«እነሱስ ታዲያ ምን ይጠጡ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉን ደግሞ ጨርሼው ስለነበር፣ ከእሷ ጥያቄ የተሻለ ማጠቃለያ እንደማላገኝለት ገባኝ።

መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ደራሲ የኪም ኒውማን «አኖ ድራኩላ» ነው፤ የታተመው በ1992። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ርዕሱ በላቲን የቃላት ጨዋታ ነው። እነሱ «አኖ ዶሚኒ»፣ የጌታ ዓመት የሚሉትን «ዓመተ ድራኩላ» አድርጎታል። በአማርኛ ሲሆን ጨዋታው ይከፋል እንጂ አይቀልም፤ እኛ ዘመኑን የምንጠራው «ዓመተ ምሕረት» ብለን ነውና፣ ድራኩላ ሲገባበት የሚወጣው ምሕረቱ ነው።

ከአንድ የበጎ አድራጎት ሱቅ ነው ያገኘሁት፣ ሽፋኑ የተላላጠ። እኔ ሎንዶን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ማታ እወጣለሁ፣ ጠዋት እገባለሁ፣ ቀን ወፍራም መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ። ስለ ቫምፓየር፣ ስለዚያ ደም መጣጭ ፍጡር፣ ለማንበብ ከእኔ የበለጠ የተመቸ ሰው አይኖርም። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ ግን ከቫምፓየሩ በፊት ዓመቱ ነው የያዘኝ፦ 1888። ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ 1888 አንድ ነገር ብቻ ነው። ዐይኔ አድዋን እየጠበቀ ሎንዶን ጭጋግ ውስጥ ገባ። የፈረንጆቹ 1888 እኛ ዘንድ የዐፄ ዮሐንስ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ ከብቱን የጨረሰው በሽታ ገብቶ ክፉ ቀን የጀመረበት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን «ድራኩላ» ብራም ስቶከር በ1897 ሲያሳትመው፣ ካውንት (የባላባት ማዕረግ ነው) ድራኩላ ከምሥራቅ አውሮፓ ከትራንሲልቫኒያ በመርከብ እንግሊዝ ይገባል፣ ደም ይመጥጣል፣ ከዚያ አንድ የሆላንድ ፕሮፌሰርና ጥቂት ጓደኞቹ አሳደው ይገድሉታል። ሥርዓቱ ይድናል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ኒውማን አንዲት ነገር ብቻ ለወጠ፦ ተሸነፉ አለ። የፕሮፌሰር ቫን ሄልሲንግ ጭንቅላት በቤተ መንግሥቱ ደጅ በእንጨት ላይ ተሰክቷል። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏን አልበርትን በታኅሣሥ 1861 ከቀበረች ጀምሮ ጥቁር ለብሳ የኖረች መበለት ናት፤ ይሄ የእውነት ታሪክ ነው፣ እስከሞተችበት እስከ 1901 ድረስ ከሐዘን ልብስ አልወጣችም። ኒውማን በዚያች ባዶ ወንበር ላይ ድራኩላን አስቀመጠ። ካውንቱ ንግሥቲቱን አገባ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝን ለመውረር ጦር አላስፈለገውም፤ ሠርግ በቃው።

በአማርኛ «ነበር ባይሰበር» እንላለን፣ ያለፈውን በምኞት ለሚጠግን ሰው። ይሄ ዓይነቱ ልብ ወለድ ተቃራኒውን ይሠራል። ደህና የነበረውን ማሰሮ አንሥቶ ይሰብረውና ስባሪው ላይ ቁጭ ብሎ ያያል።

በፍርሃት መጽሐፍ የምጠብቀው ፍርሃት ሌሊት በመስኮት የሚገባውን ነበር። እዚህ ግን ያስፈራኝ ሰልፉ ነው። ካውንቱ ከነገሠ በኋላ እየተያዘ በግድ የሚነከሰው ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው ራሱ አንገቱን ይዞ የሚሄደው ነው። ሹመት የፈለገ፣ ዕድገት የዘገየበት፣ ጎረቤቱ ወደ ቫምፓየር ተለውጦ እሱ የቀረ፣ «ዘመኑ እኮ ነው» ያለ ሁሉ። የዋናው ገጸ ባሕርይ የቻርለስ ቦሪጋርድ እጮኛ ከመሞት በላይ የምትፈራው ወደ ኋላ መቅረትን ነው። የተከበረ ሰው ሁሉ ተለውጦ እኛ ምን እንጠብቃለን ነው ነገሯ፤ በመጨረሻም እሱን ሳትጠብቅ ትለወጣለች። በስቶከር መጽሐፍ ከአሳዳጆቹ አንዱ የነበረው አርተር ሆልምውድ፣ የገዛ እጮኛውን ቫምፓየር ሆናብኝ ብሎ ልቧን በእንጨት የወጋው ያ ሰው፣ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቫምፓየር ሆኖ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ እግር ሥር አይጠፋም።

ይሄን ሳነብ የሌሊት አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። መጽሐፉን አጥፌ በመስኮት ማየት ጀመርኩ። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ደረታቸው ላይ ያለውን ዓርማ የለወጡ፣ ትናንት ሲያወግዙት የነበረውን ዛሬ መድረክ ላይ «ባለራእዩ» እያሉ የሚያስጨበጭቡለት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እኮ የሌባ መፈክር ሳይሆን የአዋቂ ምክር ሆኖ ነው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው። በኒውማን ሎንዶን ተረቱ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚቀየረው።

ቋንቋችን ደግሞ በዚህ ነገር ላይ ሳያውቀው ብዙ ብሏል። ሹም ይበላል። ቡዳም ይበላል። «ቡዳ በላው» ስንል ሰውየው ውስጡ ባዶ ሆኖ ቀርቷል ማለታችን ነው፤ ሥጋው አለ፣ ሕይወቱ ተወስዷል። ቡዳ ደግሞ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ከፈረንጁ ቫምፓየር ጋር ሲተያይ የአክስት ልጅ ይመስላል፤ አንዱ የሌሊት ወፍ፣ አንዱ ጅብ። ልዩነቱ ማን ላይ እንደተለጠፈ ነው። እኛ «ቡዳ» ያልነው ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤሉን፣ ርስት የተከለከለውን ሰው ነው። ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው፣ ምጣዳችንን የምትሠራልንን ሴት በላተኛ አልናቸው፤ ሲሶውን የሚወስደውን ደግሞ «ጌቶች»።

አውሮፓም መጀመሪያ እንዲያ ነበረች። በ1720ዎቹና 30ዎቹ የኦስትሪያ ሹማምንት ከሰርቢያ መንደሮች መዝግበው የላኳቸው ቫምፓየሮች መኳንንት አይደሉም፤ ከመቃብር ተነሥተው ጎረቤት ገደሉ የተባሉ የገጠር ሰዎች ናቸው። ገበሬ ገበሬን ይጠረጥራል። ቫምፓየሩን ቆንጆ ልብስ አልብሶ ሳሎን ያስገባው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሎርድ ባይረን ሐኪም የነበረው ጆን ፖሊዶሪ ነው፣ በ1819 ባሳተመው አጭር ታሪክ። የፖሊዶሪ ቫምፓየር ሎርድ ሩትቬን ይባላል፤ ጨዋ፣ ገርጣ ያለ፣ ግብዣ የማይቀርበት። ከዚያ ወዲህ ደም መጣጩ ባላባት ሆነ። ኒውማን ይሄንኑ ሩትቬንን አንሥቶ በ1888ቱ ታሪኩ ውስጥ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገው። ባላባትነቱ ወደ ሹመት አደገ ማለት ነው። ሳነበው ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

የእናቴ ቃል የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ከፖሊዶሪ በኋላ፣ ከስቶከር ሠላሳ ዓመት በፊት፣ አንድ ጀርመናዊ ስደተኛ ሎንዶን ተቀምጦ ስለ ሥራ ሰዓት ይጽፍ ነበር። ካርል ማርክስ በ1867 በወጣው «ካፒታል» ውስጥ ካፒታልን የሞተ ጉልበት ይለዋል፤ እንደ ቫምፓየር የሕያዋንን ጉልበት በመምጠጥ ብቻ የሚኖር፣ በመጠጠ ቁጥር ዕድሜው የሚረዝም። የእኛ አብዮተኞችም የማርክስ አንባቢዎች ነበሩ። እናም እናቴ በልጅነቷ በግድግዳ ላይ ያነበበችው ቃልና እኔ ከሎንዶን ሱቅ የገዛሁት መጽሐፍ ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም። የእኔ ሳቅ ነበር ያለቦታው።

መፈክሩን የጻፉትም ቢሆኑ በኋላ ምን እንደጠጡ እናቴ ታውቃለች። ስለሱ ግን በስልክ አታወራም። ያ ልማድ ከያኔ የቀረ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ክፍል ግን ቤተ መንግሥቱ አይደለም፤ ዋይትቻፕል ነው። የምሥራቅ ሎንዶን የድሆች ሠፈር። እዚያ ያሉት ቫምፓየሮች ካባ የላቸውም። ተለውጠዋል፣ አይሞቱም፣ ግን ድሆች ናቸው። መኝታ ይከራያሉ፣ ይራባሉ፣ ለአንድ ጉንጭ ደም ገላቸውን ይሸጣሉ። ዘላለማዊነት ተሰጥቷቸው የተሰጣቸው ዘላለማዊ ችግር ሆነ። ሊሊ የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ ተነክሳ ተጣለች፣ እንዴት እንደምትኖር ያስተማራት የለም፣ ክንዷ ወደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ለመለወጥ ጀምሮ መሃል ላይ ቀርቷል። ከካውንቱ የወረደው የዘር ደም ራሱ የበሰበሰ ነውና፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ብስባሹ ነው። ልጅቷን የምታስታምማት ዠኔቪየቭ የምትባል ቫምፓየር ናት፤ መልኳ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ፣ ዕድሜዋ ከአራት መቶ በላይ። የምትሠራው ቶይንቢ ሆል በሚባል የድሆች መርጃ ነው። ይሄ ቤት ደግሞ እውነተኛ ነው፣ በ1884 የተቋቋመ፣ ዛሬም እዚያው አለ። የሌሊት ፈረቃ ላይ በሽተኛ ስትገለብጥ፣ አንሶላ ስትቀይር ሳነብ፣ ከታሪኩ ገጸ ባሕርያት ሁሉ የኔ ቢጤ እሷ ብቻ እንደሆነች ተሰማኝ። ሥራው ያው ነው። ደመወዙም ሳይመሳሰል አይቀርም።

በ1888 ዋይትቻፕል ስለ ሌላ ነገር ነው የሚታወቀው። ጃክ ዘ ሪፐር የተባለው፣ እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀ ገዳይ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ቢያንስ አምስት ሴቶች ገድሏል። ኒውማን ሟቾቹን ቫምፓየሮች፣ ገዳዩን ደግሞ ባለ ብር ቢላ አደረገው (ቫምፓየር የሚገድለው ብር ነው)፤ ማንነቱንም አይደብቅም፣ ገና ከመጀመሪያው ይነግረናል። ገዳዩ ዶክተር ሴዋርድ ነው፣ ከስቶከር ጀግኖች አንዱ። ጭራቅ አዳኙ ድሆችን የሚያርድ ጭራቅ ሆኗል፤ ላይኛዎቹን ግን አይነካም፣ አይደርስባቸውማ።

ይሄ ብልሃት ነው፣ አልክድም። ግን እዚህ ላይ ከደራሲው ጋር ተጣላሁ። ሴቶቹ እኮ የእውነት ሰዎች ናቸው። ሜሪ አን ኒኮልስ ነሐሴ 31 ሌሊት የተገደለችው ለአንድ አልጋ የሚከፈል አራት ፔኒ አጥታ ከማደሪያው ስለተባረረች ነው። አኒ ቻፕማንም ከስምንት ቀን በኋላ የአልጋ ሒሳብ አጥታ እንዲሁ። አራት ፔኒ። ቫምፓየር ሳያስፈልግ፣ ካውንት ሳይነግሥ፣ ንግሥቲቱ ራሷ በዙፋኗ ላይ ተቀምጣ ሳለች። በአንድ የዕረፍት ቀኔ ሠፈሩን ዞሬ አየሁት። ዛሬ የቤንጋሊዎች ገበያ ነው፤ ዓሣ፣ ማንጎ፣ ጨርቅ። ሲመሽ ደግሞ ጃንጥላ የያዘ አስጎብኚ ጎብኚዎችን እየነዳ «እዚህ ላይ አንጀቷ…» ይላል፣ እነሱም ፎቶ ያነሣሉ። መጽሐፉ ከዚያ አስጎብኚ ይሻላል፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ግን ብዙም አይሻልም።

ሌላም ቅሬታ አለኝ፣ እሱ እንኳ ቀላል ነው። እንግዳ በዛ። ደራሲው ከሌሎች መጻሕፍት ያልጠራው ሰው የለም። መርማሪ በሉት፣ ሐኪም በሉት፣ ገጣሚ በሉት፣ አንዱ በር ከፍቶ ሲገባ ሌላው ሲወጣ ነው። ስቶከር ራሱ እንኳ አልቀረም፤ ካምፕ ውስጥ ታስሯል። ሁሉም ዘመድ ነኝ የሚልበት ሠርግ ላይ እንደ መገኘት ነው፤ ማን የማን እንደሆነ ለማወቅ ስልኬን ስጎረጉር እንጀራው ቀዘቀዘ።

አሁን መጨረሻውን ልናገር ነው። ልታነቡት ያሰባችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ አይከፋኝም።

ቦሪጋርድና ዠኔቪየቭ ቤተ መንግሥት ይገባሉ። ንግሥት ቪክቶሪያን የሚያገኟት በዙፋን ላይ አይደለም፤ በሰንሰለት ታስራ፣ ለባሏ እንደ ውሻ ተይዛ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ካውንቱን ገዢ የሚያደርገው በእሷ በኩል ነው፤ እሷ ከሌለች ሥልጣን የለውም። ቦሪጋርድ የገዳዩን የብር ቢላ ይወረውርላታል። እሷም ትቀበለዋለች፣ በገዛ እጇም ትሞታለች፤ ምርኮኛ ሆኖ ከመኖር።

ይሄን ያነበብኩት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ አረጋውያኑ ተኝተው፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ መብራት ብቻ በርቶ ነው። ማልቀስ እንዳለብኝ ገባኝ፤ ደራሲው እንዲያ ብሎ ነው የጻፈው። እንባ ግን አልመጣም። የመጣብኝ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። መቅደላ። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ ጦር በሩን ሰብሮ ሲገባ ምርኮኛ አልሆንም ብለው ራሳቸውን የገደሉት በሽጉጥ ነበር። ሽጉጡ ከዚህችው ንግሥት በስጦታ የተላከላቸው ነበር።

ኒውማን ይሄን አስቦ የጻፈ አይመስለኝም። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ መቅደላ አንዲት ቃል የለም። የእኔ ዐይን ነው ያየው። አንድ ንጉሥ ንግሥቲቱ በሰጠችው መሣሪያ ምርኮን ያመልጣል፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በሌለ ታሪክ ውስጥ፣ ንግሥቲቱ ራሷ ሌላ ሰው ባቀበላት መሣሪያ ያንኑ ታደርጋለች። እንደዚህ ከሆነ ልብ ወለዱ ለእኔ የተገለበጠ መቅደላ ነው።

ከዚያ በኋላ ዊንዘር ሄድኩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት፣ የእንግሊዝ ነገሥታት የሚቀበሩበት። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ፣ ከንግሥቲቱ ጋር ተገናኝቶ፣ እንግሊዝ አገር ተምሮ፣ በ1879 ኅዳር ላይ ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሲሞት አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። በንግሥቲቱ ፈቃድ እዚያው ተቀበረ። ግድግዳው ላይ የናስ ሰሌዳ አለ፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» ይላል፣ የማቴዎስ ወንጌል። በ2023 ቤተ መንግሥቱ አፅሙን ለመመለስ የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም፤ ሌሎቹን ሙታን ሳንረብሽ ማውጣት አንችልም ብሎ። ከመሬት በታች ያሉ ሙታን እንዳይረበሹ። ድራኩላ ያነበበ ሰው ይሄን ዓረፍተ ነገር እንዴት ዝም ብሎ ያልፈዋል? ጠባቂዋ ሴትዮ ቆሜ ስቀር አይታ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። መልካም ሴት ናት።

ለንግሥቲቱ ግን አዘንኩ? በመጽሐፉ ውስጥ ላለችው፣ ለታሠረችው፣ ዘግይቶም ቢሆን አዎ። አሮጊት ናት። እኔ በየሌሊቱ የማገላብጣቸው አሮጊቶች አንዳንዶቹ ወጣትነታቸውን በምን እንዳሳለፉት አልጠይቅም። ያቺ የእውነቷ፣ የዓለማየሁን ሞት በማስታወሻ ደብተሯ ላይ በሐዘን የጻፈችው፣ እሷ ላይ ገና አልወሰንኩም።

በዚያው እሑድ ስልክ ላይ ይሄን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት፣ ከእነ ቴዎድሮሱ፣ ከእነ ሰንሰለቱ። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እና ከዚያ ማን ነገሠ?»

«እዚያ ላይ ያልቃል፣ እማዬ።»

«እንዴት እዚያ ላይ ያልቃል? ዋናው እሱ አይደለም እንዴ?» ተናደደች መሰለኝ። ከበስተጀርባዋ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። «በይ አሁን መጋረጃሽን ዝጊና ተኚ። እዚያም ፀሐይ ወጥቷል።»